ጋሽ ዳና ያልጠጡት ውሃ

በዚህ ዓለም ላይ እንደ ሲሚንቶ የማምነው ነገር አልነበረም። ሰው ያማል፣ ባጃጅ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሙዝ እንኳ ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ማታ ይጠቁራል። ሲሚንቶ ግን አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው፤ የዋጠውን ዋጠ፣ አፉን ዘጋ፣ አለቀ። እናንተም እንዲህ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ ተቀመጡ፤ ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም።

ጋሽ ዳና የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ከደጋው ከገረሴ ወርደው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ከተከሉ ሦስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል ብል ዋሾ አትበሉኝ፣ ሙዙን ጠይቁት። ዘንድሮ «የሰፈሩ ልጆች ወንዝ መመላለሱ ይብቃቸው» ብለው ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም የኮንክሪት ገንዳ አሠሩ። ሲሚንቶው ከአርባ ምንጭ ከተማ፣ ከሲቀላ፣ በጋሪ መጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለደቦ ወጣ፣ አቡኪው እኔ ሆንኩ።

እዚህ ላይ አንዲት የተደበቀች ነገር አለች። ከዚያ በፊት ወንዙ ላይ በተሠራው ድልድይ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ ኢንጂነር ሰናይት ሲሚንቶ በተቦካ ቁጥር ከጀሪካን አንድ ፈሳሽ በመለኪያ ታስጨምር ነበር። ምንድን ነው ብላት፣ «ብረቱን እንዳይዝግ የሚጠብቅ ነው፣ መድኃኒት በለው» አለችኝ። ሥራው ሲያልቅ ግማሽ ጀሪካን ተረፈ። እኔ ደግሞ የተረፈ ነገር አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም፤ ይዤው ሄድኩ። ለጋሽ ዳና ውለታ ልዋል ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ የገንዳው ሲሚንቶ ሲቦካ አንጠፍጥፌ ገለበጥኩበት። ለድልድይ በመለኪያ ከሆነ ለጋሽ ዳና በጀሪካን ነዋ!

ገንዳው ደረቀ፣ ዝናብ ሞላው፣ የምርቃቱ ቀን ደረሰ።

በሰፈራችን አዲስ ውሃ ሳይመረቅ አይጠጣም። ሽማግሌው በቅል ቀድተው ይመርቃሉ፣ ቀድመው ይጎነጫሉ፣ ከዚያ ልጆቹ ይከተላሉ። ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ያን ጊዜ ዝንብ እንኳ በእግሯ ነው የምትሄደው። ጋሽ ዳና ቅሉን ይዘው ጀመሩ፤ ልጆቹ ኩባያ ኩባያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ተጋብዛ የመጣችው ኢንጂነር ሰናይት አጠገቤ ቆማለች። እኔ ዝም ማለት የሚያመኝ ሰው ነኝና በሹክሹክታ፣

«ለመሆኑ ያ መድኃኒት ሲሚንቶው ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው?» አልኳት።

«የት ይቀመጣል? ይሄዳል እንጂ።»

«ሲሚንቶው ደርቆ?»

«ደርቆም! ድንጋይ ይመስልሃል እንጂ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። መድኃኒቱ እርጥበት ካገኘ በዚያ ውስጥ ይጓዛል። ገጹ ላይ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ቀስ እያለ ሟሙቶ ይወጣል።»

የጋሽ ዳናን ቅል አየሁ። «ለምሳሌ፣ እንበል፣ አንድ ሰው የመጠጥ ውሃ ገንዳ ላይ ቢጨምረውስ?»

«የትኛው ደደብ ነው እንዲህ የሚያደርገው? እኛ ድልድዩ ላይ የጨመርነው እኮ ቢጠጡት መርዝ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ይብሳል።»

ወገኖቼ፣ የዚያን ቀን ድንጋጤዬን ቢያከፋፍሉት ለአርባውም ምንጭ ይደርስ ነበር። ከተናገርኩ ደደቡ እኔ፣ ሌባውም እኔ። ዝም ካልኩ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ቀጥሎ ሰልፉ። ጋሽ ዳና «አሜን» አስባሉና ቅሉን ወደ አፋቸው አነሡ።

«ጋሼ! አይጠጡ!»

ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። ጋሽ ዳና ቅሉን አወረዱ። እየተንተባተብኩ ጀሪካኑን፣ ገንዳውን፣ መርዙን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኢንጂነሯ ራሷን ያዘች፤ እናቶች ኩባያ ነጠቁ።

ጋሽ ዳና ውሃውን ቀስ ብለው መሬት ላይ ደፉት። «ይሄ ገንዳ ከደረቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ወር፣ ጋሼ።»

«እሱ ደርቆ እንኳ ያጎረስከውን ቀስ በቀስ ሲያወጣ ከርሟል። አንተ አፍ እያለህ፣ ቅሉ ከንፈሬ እስኪደርስ ያዝከው። እስቲ ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ ድንጋዩ የትኛው ነው?»

 

ገንዳው ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ለሰፈሩ ልጆች ውሃ የምቀዳው እኔ እንድሆን ተፈረደብኝ። በየማለዳው ከሩቁ የከተማ ቦኖ ተሸክሜ ጋሽ ዳና ደጅ እደርሳለሁ። እሳቸው ቅሉን ይሞላሉ፣ ይመርቃሉ፤ ልማዱ አልቀረም። አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል።

ቀድሜ የምጠጣው እኔ ነኝ።