መልስ ሳያገኙ የማይቀመጡት ጋሽ ደምሴ

በየውይይቱ «ጥያቄ የለኝም፤ አጭር አስተያየት ነው» ብሎ ተነሥቶ የማይቀመጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በእኛ ከተማ፣ በመሐል ሜዳ፣ እንዲህ ያሉት ሰው ጋሽ ደምሴ ነበሩ። በከተማው አዳራሽ ውስጥ ስለ ዘመናዊነትም ይሁን ስለ ቴክኖሎጂ ውይይት ከተጠራ፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሰዓቴን አያለሁ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ምሁር ዘመናዊ ሰው ጎረቤት ሳያስፈልገው መኖር እንደሚችል አስረዳን። ጋሽ ደምሴ ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? በል መልስልኝ።»

ምሁሩ ፈገግ ብሎ «አመሰግናለሁ፤ ቀጣይ ጥያቄ» አለ።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም። በአባቶቻቸው ሙግት እኮ ባላጋራ ሳይመልስ መቀመጥ መረታት ነው። አወያዩ ለመናቸው፤ ቆሙ። መብራት ሄደ፤ ቆሙ። ተመልሶ መጣ፤ እንደ ቆሙ አገኛቸው። በመጨረሻ ምሁሩ ከመድረክ ወርዶ ሲሟገታቸው ወደ አዲስ አበባ መመለሻው የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ጥሎት ሄደ።

ዘንድሮ ጋሽ ደምሴን ልጃቸው ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ውይይት ነበር። ተናጋሪው ተናገረ፤ አጨበጨብን፤ በሰዓቱ አለቀ። ስመኝ የኖርኩት ይህንኑ አልነበር?

ወንበር የምትደራርበዋ ጽዳት ሠራተኛ «ወንድሜ፣ የረሳኸው ነገር አለ?» አለችኝ። ለካ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ እኔ ጋቢዬን አደግድጌ ቆሜያለሁ።