ቀኛዝማች ወንድይራድ ባሮን እንደ ምን እንደ ተሻገሩ

ከነጻነት ወዲህ በኢሉባቦር ምድር ከታዩት የውሃ ጀግኖች ቀዳሚው ቀኛዝማች ወንድይራድ መሆናቸውን የመቱ ሕዝብ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያወቀውም ከራሳቸው ከቀኛዝማች አፍ ነው። በጠላት ዘመን የባሮን ወንዝ በታንኳ አቋርጠው ሱዳን እንደ ገቡ፣ አዞ በቀኝ፣ ጉማሬ በግራ ሲመጣባቸው በመቅዘፊያ እየመቱ እንዳለፉ በሠርግም በተዝካርም ሲናገሩ ኖረዋል። አንዳንድ ክፉ ሰዎች ግን ያን ዘመን ያሳለፉት ኡካ በምትባል መንደር፣ አክስታቸው ቤት፣ ከጎተራው ኋላ ነው ይላሉ። ክፉ ሰው የት ይጠፋል!

ቀኛዝማች የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ ለይቶ የሚያውቅ ባይገኝም ሥራ እንደ በዛበት ግን ሁሉም ይመሰክራል። አንድ እሑድ በቤታቸው ግብዣ ላይ የአዞውን ታሪክ እንደ ጨረሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀረገወይን ብርሌያቸውን አስቀመጡና፣

«እንዲያው ይህን ወንዝ ሳላየው ልሙት? ከማዶ ያለችው፣ ያን ጊዜ አረፍኩባት የሚሏት የጥንት ከተማ በሞተር ጀልባ ደርሶ መልስ ናት አሉ። ለምን ይዘውን አይሄዱም?» አሉ።

እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። ከጎሬ የመጡ አንድ ትልቅ ሹምም «ግሩም ሐሳብ ነው፤ ሲመለሱ ያዩትን ይነግሩናል» ብለው አጸደቁት። ቀኛዝማች ብርሌያቸውን አንስተው ጨለጡ። እምቢ ቢሉ የስንት ዓመት ዝና በአንድ ከሰዓት ሊቀበር ነው። እሺ ቢሉ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀኛዝማች ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ ውሃው ከጉልበታቸው በላይ ሲሆን ዳዊት ይደግማሉ።

«እሺ» አሉ።

ሽርሽሩም ወዲያው «የጥናትና የምርመራ ጉዞ» ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በጭነት መኪና ተሳፈሩ፤ በኢሉባቦሯ ቡሬ አድረው በማለዳ ባሮ ዳር ደረሱ። መኪናዋ ጭቃው እንዳይውጣት ዳገቱ ላይ ከዕቃ መጋዘኖች ኋላ ቆመች፤ ሰዎቹ በእግር ወረዱ። ወንዙ ላይ የተኛው ጉም እንኳን ማዶውን፣ የጎረቤትን አፍንጫም አያሳይም።

ጀልባይቱ ሰውም ፍየልም የምታመላልስ ጠፍጣፋ ነገር ነበረች። ገበያተኛይቱ ዋሪቱ ዶሮዋን ታቅፋ ቀድማ ተቀምጣለች። ለቀኛዝማች ባለመደገፊያ ወንበር ከፊት ተደረገላቸው። ተቀመጡ፤ ወዲያውም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው፣ አመመዎት?» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን።

«የጥንት መርከበኛ ውሃን በጆሮ እንጂ በዓይን አይለካም!»

ነጂው ነመራ ሞተሩን አስነሳ። ጀልባይቱ ተንቀጠቀጠች፤ ውሃውም ከሆዷ በታች ተንቦጫረቀ። ነመራ ግን የቀኛዝማችን ጸሐፊ አቶ ኦላናን ጠጋ ብሎ፣ «ሞተሩን እያሞቅሁ ነው እንጂ ጉሙ ሳይገለጥ አልነሳም፤ ገመዱም አልተፈታም። ለጌታው ንገርልኝ» አለው።

አቶ ኦላና ዕድገት የሚጠባበቅ ሰው ነው። አለቃን ማረም አለቃው ሁለት ጊዜ እንዲሳሳት ማድረግ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ አልነገረም።

ቀኛዝማችም የወንበራቸውን እጀታ እንደ ጨበጡ ንግግር ጀመሩ። «ውሃ የሥልጣኔ እናት ናት! እኛም ዛሬ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ወደ ታሪክ እየቀዘፍን ነው! ኦላና፣ የት ደረስን?»

ኦላና ገመዱን አየ፤ ገመዱ የታሰረበትን ግንድ አየ።

«መሃል ወንዝ ነን፣ ጌታዬ።»

«ያ ዋቅ፣ ያምላክ ያለህ!» አለች ዋሪቱ፤ ዶሮዋም አብራ ጮኸች። ወይዘሮ ሀረገወይን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ማዕበሉስ?»

«እርስዎን አይቶ ረግቷል።»

ንግግሩ ስለ ግሪክና ስለ ምስር መርከበኞች፣ ስለ አዞው፣ እንደገናም ስለ አዞው ቀጠለ። በመጨረሻ ቀኛዝማች «አሁንስ ደረስን መሰለኝ» ሲሉ ኦላና ክንዳቸውን ይዞ ከተሳፈሩባት ጣውላ ላይ አወረዳቸው። ነመራ «ወዴት ነው? ገና እኮ...» ሊል ሲል ኦላና እግሩን ረገጠው። ሠራተኞቹም ተያዩና አንድ በአንድ ተከትለው ወረዱ። ሰው ሁሉ ሲወርድ ብቻውን ተቀምጦ የሚቀር ሠራተኛ ዓመት በዓሉን ከሥራ ውጭ ነው የሚያሳልፈው።

ቀኛዝማች መሬት ሲረግጡ ዓይናቸው ተገለጠ፤ ደማቸውም ተመለሰ። በከዘራቸው እያመለከቱ «እዩት ይህን አፈር! የሰለጠነ አፈር ነው። ጉሙን እንኳ እዩት፣ እንደ ወዲያኛው ዳር አይከብድም። የኛዎቹ መቼ ነው እንዲህ የሚሆኑት?» አሉ።

ከአንድ መጋዘን ደጃፍ ሽማግሌ ዘበኛ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ቀደም ሲል በዚህ ሲያልፉ አይቼዎታለሁ እኮ።»

«አያችሁ!» አሉ ቀኛዝማች፣ እንባቸው እየመጣ። «በጠላት ዘመን ያየኝ ሰው! ዛሬም አልረሳኝም!»

ዘበኛው ያያቸው ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመኪናዋ ሲወርዱ ነበር፤ ነገር ግን ቀኛዝማች ስላቀፉት እሱም መልሶ አቀፋቸው።

«ያን ጊዜ ያረፉት እዚሁ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን በትሕትና።

«እዚሁ! ከዚያ ዋርካ ሥር ነው ያደርኩት።»

«እግዜር ያሳይዎ፣ አሁን ገና ሁሉ ነገር ገባኝ።»

ጉሙ ሲገለጥ ነመራ ተሳፋሪ ጠራ። ቀኛዝማች «እንግዲህ ጥናቱ ተጠናቋል፤ ወደ አገራችን እንመለስ» ብለው ወንበራቸው ላይ ወጡና እንደ ገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚህ ጊዜ ጀልባይቱ እውነትም ሄደች። «የመልሱ መንገድ ምነው ይህን ያህል አንገላታን?» ብለው ከመጠየቃቸው በቀር ጉዞው መልካም ነበር።

የታሪካዊቷን ከተማ አፈር ሲረግጡም ዙሪያቸውን ገላመጡ። የጥንት ነጋዴዎች የድንጋይ መጋዘን፣ የማንጎ ዛፎች፣ ዓሣ የሚጠብሱ ሴቶች።

«መኪናዬስ?» አሉ ቀኛዝማች።

ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ ኦላና ዞሩ።

«መኪናዬን ሰርቀዋል! የመንግሥት መኪና! የዚህ አገር ሹም ይጠራ!»

ጭቃ ሹም ባጫ እየተጣደፉ መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። «ጌታዬ፣ ወደዚህ ማዶ መኪና መጥቶ አያውቅም፤ መንገድም የለን» አሉ።

«ኦላና! መኪናዬን እዚህ አላቆምኩም?»

ኦላና ሰማዩን አየ። «ቀኛዝማች እንዳሉት ነው።»

ዋሪቱ ግን ዶሮዋን በአንድ ክንዷ ይዛ በሌላው ወንዙን አሻግራ ጠቆመች። «መኪናዋ ያቻትና! ወዲያ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ!»

ቀኛዝማች እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ተመለከቱ። «የሌባውን ፍጥነት አያችሁ? አሻግረዋታል!»

«የኔ ጀልባ ሁለት በሬ ሲገባባት እንኳ ታዘነብላለች» አለ ነመራ፤ «መኪና በምን ይሻገራል?»

«ዝም በል፣ ምርመራ ላይ ነን» አለው ኦላና።

ጭቃ ሹም ባጫ ግን ሊስቁ የከፈቱትን አፍ ቀስ ብለው ገጠሙት። አንድ ነገር ታይቷቸዋል። «ቀኛዝማች፣ ማሎ፣ እባክዎ» አሉ፤ «ሽማግሎቼን ልጥራ፤ በፊታቸው ይድገሙልኝ። የመንግሥት መኪና ከዚህ ከተማ ጠፋ ነው የሚሉት?»

ሽማግሎች ተጠሩ። ቀኛዝማችም ከዘራቸውን አንስተው «በዚህች ከተማ መኪና ነበረ! እኔ ምስክር ነኝ!» ብለው ማሉ። ባጫ ጉልበታቸውን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም።

ወይዘሮ ሀረገወይን የሳቅ እንባቸውን ጠርገው ዋሪቱን ክንዷን ያዙ። «ነይ፣ ከተማውን አሳዪኝ። እሳቸው ሌባ ይያዙ።» ሠራተኞቹም ተከተሏቸው፤ መጋዘኑን አዩ፣ ማንጎ በሉ፣ የተጠበሰ ዓሣ በበርበሬ በሉ። ለመሥሪያ ቤቱ ከዚያ የተሻለ የሥራ ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልነበረም። ቀኛዝማች ግን ሌቦቹን ሊያሳድዱ ተመልሰው ተሻገሩና መኪናዋን ሾፌሩ ተኝቶባት አገኟት። ጎሬ ላይም ለትልቁ ሹም የተዘረፈ ንብረት በአንድ ጀምበር እንዴት እንዳስመለሱ ተረኩ፤ ተመሰገኑም። ኦላናም ዕድገቱን አገኘ።

ያች ከተማ ከገበያዋ እስከ ወንዙ መንገድ እንዲሠራላት ለዓመታት ስትለምን፣ «መኪና በሌለበት መንገድ ምን ያደርጋል?» እየተባለች ስትመለስ ኖራለች። አሁን ግን መኪና እንደነበረባት በታላቅ ሰው መሐላ ተረጋገጠ። መኪና የሚሰረቅባት ከተማ ያለ መንገድ መቅረቷ ለመንግሥት ክብር አይመጥንም ተባለና መንገዱ በዓመቱ ተሠራ።

በምረቃው ቀን አንድ እንግዳ ጭቃ ሹም ባጫን «መንገዱስ ደርሷል፤ መኪናው በምን ሊሻገር ነው? ድልድይ አትጠይቁም?» አላቸው።

ባጫ በጥሞና አሰቡ።

«ለመንገዱ ስንለምን ኖረን በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ተሳሳተልን። ለድልድዩ እንግዲህ፣» አሉ ወንዙን እያዩ፣ «ከሳቸው የበለጠ ትልቅ ሰው መሳሳት አለበት።»