እጀታ የሌለው ካቢኔት

ቤት የሠራ ሰው ምክር አያጣም። ኪችን ካቢኔት የሚያሠራማ ምክሩን የሚያስቀምጥበት ሌላ ካቢኔት ያስፈልገዋል። አንዱ ቤትህ ጠባብ ነው፣ ነጭ አድርገው ይላል። ሌላው ነጭማ ከበርበሬ ጋር አይስማማም ይላል። የጅማ ሰው ደግሞ እንጨት አውቃለሁ ባይ ነው፤ ዋንዛ ካልሆነ ዕቃ አይመስለውም። እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ስለሆነ ከነሱ አንዱ ነኝ።

ባለቤቴ ሙሉ ግን በስልኳ ያየችው ነገር ነበር። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታ የሌለው፣ ጫን ሲያደርጉት የሚከፈት። ሲዘጋ ግድግዳ ይመስላል። ጓዳ ገበና ነው፣ መሸፈን አለበት አለች። ምን ይባላል? ገበናችን ይታይ ብሎ የሚከራከር ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋንዛዬን ዋጥ አድርጌ ነጩን አዘዝኩ።

እስከዚያ ድረስ የነበረን ክፍት መደርደሪያ ነው። ጨው፣ ሽሮ፣ ብርጭቆ፣ ከንፈሩ የተሸረፈው ጆግ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በጓሮ በር ገብተው «ሜ፣ እስቲ ጨው ልውሰድ» ይላሉ። ይውሰዱ እስክንል ወስደው ወጥተዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የጨዋችንን ቦታ አይስቱም። በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።

ካቢኔቱ እንደተገጠመ አንድ ቀን ገቡ። ግራ ቀኝ አዩ። ማሻአላህ ብለው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ ሆነው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ሙሉ፣ ተቀየሙኝ እንዴ ትለኛለች። ጨዋቸውን ደብቀሽባቸው ነው አልኳት። አልሳቀችም። እውነት ለመናገር እኔም ከልቤ አልቀለድኩም፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

በዚህ መሀል የሙሉ እናት አጋሮ ከተማ ውስጥ አረፉ።

ቀብረን ጅማ ስንመለስ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ቁልፋችን እትዬ ዘይነባ ጋ ነበር። ሙሉን ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። መቼም ለቅሶ ቤት ታውቃላችሁ። ሐዘንተኛው ያለቅሳል፣ ጓዳው የጎረቤት ነው። ንፍሮውን ማን ቀቀለው ተብሎ አይጠየቅም።

ያን ቀን ግን ሴቶቹ ጓዳ ይገቡና ተመልሰው ይወጣሉ። አንዷ ከቤቷ ድስት ተሸክማ መጣች። ሌላዋ ብርጭቆ በሳፋ። እትዬ ዘይነባ ጨው በፌስታል። ቤታችን ዕቃ ሞልቶ እያለ ለቀስተኛው በሰው ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል። ገብቼ አከፋፈቱን ላሳያቸው ብል አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙና፣ ተቀመጥ ልጄ፣ አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ አሉኝ።

ሙሉ ከፍራሹ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። እናቷን እየጠራች ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ ተነሳች። ሐዘንተኛ ይነሳል እንዴ? ሊይዟት ሞከሩ፤ አልተያዘችም። ጓዳ ገብታ የመጀመሪያውን በር በመዳፏ ጫን አለችው፤ ተከፈተ። ቀጥሎ ያለውን። ቀጥሎ ያለውንም። እንባዋ እየወረደ ሁሉንም ከፈተች።

«እትዬ፣ ጨው እዚህ ነው» አለች። «ይኸውልዎ፣ እዚህ ነው።»

«ወላሂ ልጄ፣ የሚከፈት አልመሰለኝም» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ብነካው እሰብርብሻለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። አማቴን ስቀብር አልወጣ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ ወጣ። እናት የሞተባት ልጅ ጨው ያለበትን ለማሳየት ከፍራሽ ስትነሳ ማየት ከባድ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ጎረቤት ጨውህን ካወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ካቢኔት ላሠራ ያለኝን ሁሉ ሳልጠየቅ እመክራለሁ። ክፍት መደርደሪያ አድርግ፤ ባይሆን እንኳ ትልቅ እጀታ አድርግበት እላለሁ። ቤትህን እንዲያሳምር ሳይሆን ያዘንክ ቀን ለሚገባበት ሰው እንዲመች አሠራው እላለሁ። ሰባኪ ሆኜላችኋለሁ።

በቅርቡ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ለእናቱ ኩሽና ሊያሠራ ተነሳ። እሳቸውም ምክር ፈልገው መጡ። ደስ አለኝ። ዋንዛውን፣ መደርደሪያውን፣ እጀታውን አንድ በአንድ ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። የናንተን ዓይነት ነው የምፈልገው አሉ። ነጩን፣ እጀታ የሌለውን።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያን ያህል ያስቸገረዎትን?» አልኩ።

«አሁንማ ሰፈሩ ሁሉ መክፈቱን ለምዷል» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ የሞትኩ ቀን ኢንሻአላህ አትቸገሩም።»