በጋሽ ዘለቀ ቀብር ቀን ኮምፒውተሬን አሻሻልኩ

አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ «ላሻሽልልህ?» ሲለኝ ልቤ ድንግጥ ይላል። ያለ ምክንያት አይደለም። ጸጉር አስተካካዬ ጢሜን ላሻሽል ብሎ ተነሥቶ ሦስት ሳምንት አፌን በመሐረብ ሸፍኜ ከርሜአለሁ። የጓሮዬን ቧንቧ ያሻሻለልኝ ባለሙያም ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ውኃዬ ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ ነው የተገኘው። እናንተስ ብትሆኑ፣ ተሻሻለ ከተባለላችሁ ነገር ውስጥ ስንቱ እውነት ተሻሽሏል? ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ከቀኑ ሁሉ መርጬ፣ ኮምፒውተሬ «ማሻሻያ አለ፣ ልጫን?» ሲለኝ «ጫን» ያልኩት።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁና ፍርሃቴ ይገባችኋል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ስሜ የሚታወቀው ግን የሟች የሕይወት ታሪክ በመጻፍ ነው። ቤተሰቡ እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከፍትሐቱ በኋላ በመቃብሩ አፋፍ ይነበባል። ድሮ ሰው ይህን ንባብ ቆሞ እያዛጋ ነበር የሚሰማው። ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። የአራዳ ሰው አሁን የሚገናኘው ቀብር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ማን ከማን ጋር በር ለበር እንደኖረ፣ የማን ቤት ከየትኛው አጥር ጥግ እንደነበረ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። አንዴ አንድ የውጭ በር ያለቦታው ብጽፍ ሦስት አሮጊቶች ከለቀስተኛው መሀል ሆነው አርመውኛል። አልተሳሳቱም ነበር።

የሐሙሱ ሟች ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የዚያን ሰፈር በር የሚከፍት ቁልፍ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። በሮቹ ዛሬ የሉም። የአባታቸው መቃብር ሥላሴ ስላለ እሳቸውም እዚያው ሊቀበሩ ሰዓቱ ለዘጠኝ ተቆርጧል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ የእድሩ ዳኛ ሳይቀር ከመናገሩ በፊት ፊታቸውን የሚያይ ሴት ናቸው። ታሪኩን አምስት ጊዜ አስለውጠውኛል። የበኩር ልጃቸው «ቁልፍ ሠሪ» የሚለው ቀርቶ «የብረታ ብረት ሥራ ባለሙያ» ይባል ብሎ ነበር፤ እትዬ አስካለ እኔ ያገባሁት ቁልፍ ሠሪ ነው ብለው አስመለሱት። ረቡዕ ወደ ማታ ላይ አምስተኛው ጸደቀ። ማስታወሻ የያዝኩበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስበው፣ የቤት ጉድ ደጅ አይደር፣ ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ነገ ስድስት ሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ፣ ዛሬ ዓይንህ ስለደከመ ነገ አትመው አሉኝ። እንግዲህ የጋሽ ዘለቀ ሕይወት በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ሆነ፤ በኔ ኮምፒውተር ውስጥ።

ኮምፒውተሯ የምትሠራው እንደ ሌላው ሰው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ነገር ነው። የጫነችልኝ ሰላም ናት፤ ተማሪ ሳለች የመመረቂያ ጽሑፏን እኔ ቤት ተይባ ያሳተመች፣ አሁን አራት ኪሎ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር ልጅ። ደንበኞቼ በፍላሽ ይዘው የሚመጡት ቫይረስ ቢያስቸግረኝ እሷን ብጠራት፣ በዚህኛው ቫይረስ አይጎዳዎትም ብላ ቀየረችልኝ። እውነቷን ነው፣ ከዚያ በኋላ ቫይረስ አላየሁም። ጉዳቱን በገዛ እጄ እንደማመጣው ግን ማናችንም አላሰብንም።

ሦስት ሰዓት ላይ ጫን አልኩ። ጫነ፣ ጫነ፣ ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ትንሽ ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቆይ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። አጥፍቼ አበራሁ፣ ያቺው ሰረዝ። ከሶኬቱ ነቅዬ፣ በውስጤ አንድ አባታችን ሆይ ደግሜ፣ መልሼ ሰካሁ። ያቺው ሰረዝ። ሰው ሁሉ ስለ ጋሽ ዘለቀ ሊሰማ ሲጠብቅ፣ አንባቢው ባዶ እጁን ቆሞ፣ እትዬ አስካለ ከመቃብሩ ማዶ እኔን ሲያዩኝ ታየኝ። ያ ሽማግሌ አንዲት ቃል ሳይባልላቸው አፈር ሊገቡ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ፈራሁ።

ለሰላም ደወልኩ። ክፍል እያስተማረች ስለነበር አንድ ሰዓት ሙሉ አላነሣችም፤ ያን አንድ ሰዓት ሰረዟን ሳያት ቆየሁ። ስታነሣ ድምፄን ሰምታ ጋሽ ደምሴ ማን ሞተብዎት አለችኝ። ነገርኳት። አይደንግጡ፣ ፋይሎቹ ውስጥ ናቸው፣ ያልተነሣው በማውስ የሚሠሩበት መስኮት ብቻ ነው አለች። ኮንትሮልንና ኦልትን ተጭኜ ኤፍ ሦስትን እንድነካ ነገረችኝ። ብነካ፣ ጥቁሩ ላይ ጽሑፍ መጣና ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጠየቀኝ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ምንም አይታይም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። በጨለማ ቤት ቁልፍ ቀዳዳ እንደመፈለግ ነው። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በአራተኛው አስገባኝ።

ከዚያ አንዲት አጭር ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነግራኝ ጻፍኩና የወጣውን አነበብኩላት። መቶ በመቶ ይላል አልኩ፤ ጥሩ ውጤት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰላም አረመችኝ። ጋሽ ደምሴ፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ ማሻሻያው ቦታ አጥቶ መሀል መንገድ ላይ ነው የቀረው፣ መስኮቱም የሚነሣበት ቦታ የለውም አለችኝ። መጀመሪያ የማሻሻያውን ትርፍራፊ አስጠረገችኝ። ትንሽ ለቀቀ፣ ግን አልበቃም። ከእርስዎ ፋይል አንድ ትልቅ ነገር ማጥፋት አለብን አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የሟች ፋይል አጥፍቼ አላውቅም። ማመልከቻ አጠፋለሁ፣ የሥራ ልምድ አጠፋለሁ፣ የሟችን ታሪክ ግን እጄ እሺ አይለኝም። አንዴ ሞተዋል፣ ሁለተኛ ጊዜ እኔ ልግደላቸው? ደግሞስ ለሙት ዓመቱ ያንኑ ጽሑፍ ፈልጎ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም፤ ምን ልለው ነው? ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው አምስቱም ስድስቱም ረቂቅ ከነፎቶው ቁጭ ብሏል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙታን እያስገባሁ አንድም ሳላስወጣ ኖሬአለሁ። ታዲያ መሙላቱ ምን ይገርማል?

ሰላም ዝርዝሩን አስወጡልኝና ስማቸውን ያንብቡልኝ አለች። አስወጣሁ። ላነብ ዓይኔን ብተክል የሚነበብ ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ትናንሽ ባዶ ሣጥኖች በረድፍ ተደርድረዋል። እኔ ፎልደሩን ሁሉ በአማርኛ ነበር የሰየምኩት፤ በሰው ስም ላይ የፈረንጅ ፊደል አላስቀምጥም ብዬ። ያ ጥቁር ስክሪን ደግሞ ለካ ፊደላችንን አያውቅም። ወይዘሮ እንትና ብሎ ነገር የለ፣ ባላምባራስ እንትና ብሎ ነገር የለ፣ ሁሉም ሣጥን ሆነዋል። ይህን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ። ከነዚህ አንዱን ልገድል ነው፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

በሩ ተከፈተና እትዬ አስካለ ገቡ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጥቁር ነጠላቸውን አደግድገው ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ታተመ ወይ አሉኝ። አልታተመም አልኩ። ዘለቀ የት ነው አሉኝ። በጣቴ ስክሪኑን አሳየኋቸው። አጎንብሰው ብዙ ጊዜ አዩ። ይህ ሁሉ ሣጥን ምንድን ነው ቢሉኝ ሟቾች ናቸው አልኳቸው። ቀስ ብለው ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጉና እዚያው ተቀመጡ። መውጫ የለኝም ማለት ነው።

ፍላሽ ገዝቼ ብገለብጣቸውስ አልኳት ለሰላም። ለመገልበጥ አምስት ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ አንዷን ትእዛዝ እስካሁን አራት ጊዜ ተሳስተዋል፣ እኔም ስምንት ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ አለች። ከዚያ መላ አመጣች። ስማቸው ባይነበብ ቀናቸውና መጠናቸው ይነበባል አለች። የትናንት ቀን ያለበት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ጋሽ ዘለቀ ናቸው፣ እንዳይነኩት አለችኝ። ጣቴን ሣጥኗ ላይ አድርጌ ለእትዬ አስካለ እነሆ አልኳቸው። እሳቸውም ተነሥተው፣ የገዛ ጣታቸውን እዚያው ስክሪን ላይ ተከሉና እስኪያልቅ አላነሣውም አሉ። ዘለቀን ካጠፋኸው ደምሴ፣ እኔና አንተ ዛሬ ሥላሴ አብረን አንሄድም አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

መጠናቸውን ስናነጻጽር ከሁሉ የበለጠ አንድ ግዙፍ ፎልደር ነበር። የሌላውን ሁሉ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ከተነካ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሱን ካጠፉ ይበቃል አለች ሰላም። ማን ይሆን? እንዲህ የሰፋ ታሪክ ያለው የትኛው ትልቅ ሰው ነው? ፊታውራሪው ይሆኑ? ያቺ አሥራ ሁለት ልጅ ያሳደገች አዋላጅ ትሆን? እትዬ አስካለ ጣታቸውን ሳያነሡ፣ ማንም ይሁን ማን እሱ ተቀብሯል፣ የኔው ገና ነው አሉ። ሰላም የነገረችኝን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣ በሁለተኛው እያንዳንዷን ፊደል እያየሁ አነበብኩ። ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ይቅር ይበሉኝ አልኩና ኤንተርን ተጫንኩ።

የተቋረጠውን ማሻሻያ አስጨረሰችኝ፣ ጠፍቶ ተነሣ። መስኮቱ መጣ። እትዬ አስካለ ጣታቸውን አነሡ። ጋሽ ዘለቀን በሁለት ገጽ አትሜ፣ ወረቀቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ታክሲ ይዘን ሥላሴ ደረስን።

ንባቡ አማረ አሉ። አሉ የምለው እኔ በቅጡ ስላልሰማሁት ነው። አንባቢው «ቁልፍ ሠሪ» ሲል የእትዬ አስካለ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ አሮጊቶቹም አንድም በር ሳያርሙ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። እኔ ግን የለቀስተኛውን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ፣ ከነዚህ የማንን አባት ነው ያጠፋሁት እላለሁ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ነፍስ ይማር ሲለኝ ደነገጥኩ። የሚቀጥለው ወር ሙት ዓመት አለብን፣ እመጣለሁ ያለኝ ሌላ ሰው ደግሞ የቀረችኝን ወኔ ወስዶ ሄደ።

አርብ ጠዋት የደንበኛ ስም የምመዘግብበትን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ሟች ጀምሬ ስሙን እያነበብኩ፣ ስክሪኑ ላይ እየፈለግኩ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ፊታውራሪው አሉ። አዋላጇ አለች። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱም ሙታን በየቦታቸው አሉ። ግራ ገባኝ። ታዲያ ማንን ነው የገደልኩት? ከተነካ ሁለት ዓመት አልፎታል መባሉ ትዝ ሲለኝ ነው የበራልኝ።

የጠፋው በደብተሩ ላይ የሌለ፣ ገና ያልሞተ ሰው ነበር። እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደረቴን አሞኝ በሰነበትኩ ጊዜ፣ ሌላ ሰው ቢጽፈው ያበላሸዋል ብዬ የራሴን የሕይወት ታሪክ በሰባት ምዕራፍ ጽፌ አስቀምጬ ነበር። ለቤተሰብ ሁሉ አንድ ፎቶ ይበቃል የምለው ሰውዬ ለራሴ ስድሳ ፎቶ አስገብቻለሁ። አንባቢም ስላላመንኩ፣ ጥቁር ከረባት አሥሬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሴ ሳነበው በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ። ከአራዳ ሙታን ሁሉ ሃያ እጥፍ የገዘፈው እንግዲህ ያ ነው።

ግድ የለም፣ የማውቀው ሕይወት ነው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ ብዬ ቅዳሜ ተቀመጥኩ። ፎቶውንና ከረባቱን ትቼ፣ እትዬ አስካለ አጠገቤ ቢኖሩ የሚያሳልፉልኝን ብቻ ልጻፍ አልኩ። ስጨርስ አየሁት። ግማሽ ገጽ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ብዙ ፈርቻለሁ፣ እንደዚያች ግማሽ ገጽ ያስፈራኝ ግን የለም።