ክዳን የማያስችላቸው ጋሼ

የእህቴ ጥያቄ ቀላል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቶችን ስታዋልድ ውላ ቤቷ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጅጌዋን ትሰበስባለች። ጡረታ ልትወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ለባሏ እንዲህ አለቻቸው፦ «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከሥራ ገብቼ ያለቀ እራት ልብላ። እኔ የምጨርሰው አይደለም። ያለቀ!»

ባሏን ታውቋቸዋላችሁ። በየሰፈሩና በየቢሮው አንድ አይጠፉም፤ ተዘግቶ በደህና የሚሠራን ነገር ከፍተው ካላዩ ዕረፍት የሌላቸው። የእኛው ክቡር ጋሼማ ደመወዝ ሲበሉበት ኖረዋል። በቀለም ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሃያ ስምንት ዓመት ከየአሥሩ ጣሳ አንዱን ከፍተዋል። ችግሩ፣ ቤት ያለው ድስት አንድ ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቴን አልክድም። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ሰጠኋቸውና የጃፓን ዓይነት ዶሮ አሠራር አስረዳኋቸው። ድንቅ ነገር እኮ ነው! የዶሮውን ታፋ ትደረድራላችሁ። ሶያ ሶስ፣ ማር፣ ጥቂት ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ደባልቃችሁ ታፈስሱበታላችሁ። ከዚያ ከድናችሁ ስድስት ሰዓት ትረሱታላችሁ። እንፋሎቱ ወጥቶ የመስተዋት ክዳኑ ላይ ላብ ይሆናል፤ ላቡ ተመልሶ ዶሮው ላይ ይንጠባጠባል። በተከፈተ ቁጥር ግን የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል።

«ስለዚህ አይከፈትም» አሉ ጋሼ።

«አይከፈትም።»

«ካልተከፈተ መብሰሉን በምን እናውቃለን?»

የመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ከፈቱት። አላጋነንኩም፤ ራሳቸው በደብተር መዝግበውታል። «አራት ከሩብ፦ ለውጥ የለም። አራት ተኩል፦ አሁንም ለውጥ የለም፤ ያጠራጥራል።» አሥራ ዘጠኝን በሃያ አባዙት፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በስሌቱ መሠረት ዶሮዋ ማታ የተገኘችው ጠዋት ከተነሣችበት ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት እናቲቱም አልሄደች። እህቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እጅጌዋን ሰበሰበች።

በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸውን ለመግታት ክዳኑ ላይ የልብስ ካውያ ጫኑበት። ከዚያ ካውያው ክዳኑን ሰንጥቆት እንደሆነ ለማየት አነሡት። «ካነሣሁት አይቀር፣ እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው!» እህቴ እጅጌዋን ሰበሰበች።

በሦስተኛው ከቤት ወጥተው ሲዞሩ ዋሉ። ክዳኑን አልነኩም፤ ይህን ይመሰክሩልኛል ብለው ጎረቤት ሁሉ ጠሩ። ብቻ ከመውጣታቸው በፊት ሶኬቱ ሞቆ እንደሆነ ሊያዩ ነቅለውት ነበር። ዶሮዋ ቀኑን ሙሉ በማር ተቀብታ፣ ቀዝቅዛ፣ ተከድና ተኝታለች።

«ያንተ ድስት አይረባም» አሉኝ። እህቴ አሁንም እጅጌዋን ሰበሰበች፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ዛሬ የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው። ድስቱን ነጥቄ፣ ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ካለው ቤቴ አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ። እስካሁን ሰባት ጊዜ ደውለዋል።

«ክዳኑ ላይ ላብ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ጠብታው ትልቅ ነው ትንሽ?»

«መካከለኛ።»

«መካከለኛ ማለት ምን ማለት ነው? እስቲ ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋልኝ!»

አስጠጋሁላቸው። ምን ላድርግ? ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ሆዴን ተቀድጄ ሆስፒታል ስተኛ እኚሁ ሰውዬ ወንበር ይዘው ኮሪደር ላይ ከረሙ። በየሩብ ሰዓቱ በሩ ሲጥ ይላል። ነርሷ «በሽተኛው ይረፍ እንጂ!» ብላ ትቆጣለች፤ እሳቸው «እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ይላሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ እመስላለሁ። እውነቱን ልናገር? ያ በር ሳይከፈት ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ይጨንቀኝ ነበር።

አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ነው። እህቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች። በሬ ላይ ትንፋሽ ይሰማኛል።

«ጋሼ?»

«አልነካሁም! እያሸተትኩ ነው።»

«እና?»

አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡ። «ዝንጅብሉ ይሸታል» አሉ ቀስ ብለው። «የበሰለ ይመስላል። እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«ጋሼ፣ ላይ ወጥተው ሳህን ያቅርቡ።»

እርምጃቸው ደረጃውን ሦስት ወጣ፤ ቆመ። አራተኛውን ለመውጣት እየታገሉ ነው።