ለሸጋው አልጋ ፍለጋ

ውሻ ያለው ሰው ሁሉ «ጌታው እኔ ነኝ» ይላል። ውሸት ነው! አልጋ ሊገዛለት ገበያ የወጣ ቀን ማን ለማን እንዳደረ ይለያል። አታምኑኝም? እንግዲያው የኔን ጉድ ስሙና ፍረዱ።

እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሸጋው ውሻዬ ነው። ቡችላ ሳለ ከመተማ በጭነት መኪና፣ በበርበሬ ጆንያ መሐል ተቀምጦ፣ መንገዱን ሙሉ እያስነጠሰ አብሮኝ ድንበር የተሻገረ የልብ ወዳጄ ነው። በዚህ አገር ዘመድህን ቁጠር ብትሉኝ ከሱ እጀምራለሁ... ከሱም እጨርሳለሁ።

ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ የቤት አከራዬ ሐጃ ሰዕዲያ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ውሻህን ዚሬ ሥር ተኝቶ አገኘሁት!»

ዚር የሚሉት ያ የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን ነው። ሐጃ ከሱ ይጠጣሉ፣ ከሱ ቀድተው ለሶላት ይታጠባሉ። ውሻ የደረሰበትን ውሃ ደግሞ እንኳን እሳቸው ጎረቤቱም አይቀምሰው።

«እስከ ጁምዓ የራሱን መኝታ አብጅለት» አሉኝ። «አለዚያ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ፍርዱ ምን ይወጣለታል! ግን እኔ ሸጋውን ጥዬ የት እገባለሁ? በጣም ደነገጥሁ።

እሑድ ጆንያ ገዛሁና የሰሊጥ ገለባ ጠቀጠቅሁበት። በሰሊጥ አገር ከዚህ የሚስማማ ምን አለ? መስማማቱንስ ተስማማ... ለጉንዳን! የገዳሪፍ ጉንዳን ቤተ ዘመዱን አስከትሎ ገባበት። ሸጋው ቀኑን ሙሉ ሲያክክ ዋለ። ማክሰኞ ስፖንጅ ፍራሽ በልኩ አስቆርጬ አመጣሁ። በዚህ ሙቀት ስፖንጅ! እኔ ራሴ ብተኛበት የምቀቀልበትን! ሸጋው አንዴ አሸተተው፣ አንዴ ዞረው፣ ከዚያ ብትንትኑን አወጣው። ግቢውን ስጠርግ ዋልሁ።

ረቡዕ ጨነቀኝና አናጺው ዓም ኢድሪስ ዘንድ ሄድሁ። ዓንገረብ ይሠራል፤ ያው በገመድ የሚጠለፈው የሱዳን አልጋ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ከሥሩ ነፋስ ይገባል። አያችሁ ብልሃቴን!

«ትንሽ ዓንገረብ እፈልጋለሁ። እስከ ነገ ይድረስልኝ።»

«ለማን ነው?»

ለውሻ ብለው መጋዙን ጥሎ ይሥቅብኛል፣ ካልሆነም ያባርረኛል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለሸጋው» አልሁ።

«ልጅህ ነው?»

«ያው... እንደ ልጄ ነው።»

«ስንት ዓመቱ?»

«አራት አልፎታል።»

«ተገርዟል?»

እንዴ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ቢሆንም ሳልዋሽ መለስሁ፤ «ኧረ አልተገረዘም!»

ዓም ኢድሪስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። «መብሩክ! ነገ ከሰዓት እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።» የሰው ደግነቱ እያልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ሱቄ ተመለስሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በሩ ላይ እልልታው ቀለጠ። ብቅ ብል ረክሻ፣ ያው የኛው ባጃጅ፣ ቆሟል። ረክሻው ላይ ዓንገረቡ፣ እግሮቹ ቀይ ተቀብተው፣ ቀይ ጨርቅ ለብሶ! ከኋላው ዓም ኢድሪስ ነጭ ጀለብያ ለብሶ፣ ከሱ ኋላ ሚስቱና የሰፈሩ ሴቶች ስኳርና ሽቶ ይዘው... ያኔ ነው የበራልኝ። እዚህ አገር ወንድ ልጅ ሲገረዝ ባጌጠ ዓንገረብ ላይ ያስቀምጡትና ጎረቤቱ ስኳር ይዞ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ይመጣል። አራት ዓመት ኖሬ፣ ስንት ቤት ተጠርቼ በልቼ ጠጥቼ፣ ለራሴ ጊዜ ጠፋኝ!

ሐጃ እልልታውን ሰምተው ወጡ። «የምን ደስታ ነው?»

«የሐበሻው ልጅ ሊገረዝ ነው!» አለቻቸው የዓም ኢድሪስ ሚስት።

ሐጃ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አራት ዓመት አንድ ግቢ ኖረን፣ ልጅህን ደበቅኸኝ?»

እመኑኝ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንጀቴን በሉት።

«ሐጃ... ሸጋው እኮ ነው።»

«የቱ ሸጋው?»

«ውሻው።»

እልልታው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ግቢው ወረወረ። ሸጋውስ የት ሊሆን ኖሯል? ዚሩ ሥር! የሚንጠባጠበው ውሃ ባራሰው አፈር ላይ ሆዱን ለጥፎ፣ ለእንግዶቹ ጅራቱን አንዴ ወዘወዘና መልሶ ተኛ። በቃ፣ ጓዛችንን ልንሸክፍ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

መጀመሪያ የሣቀችው የዓም ኢድሪስ ሚስት ናት። ቀጥሎ ሴቶቹ በሙሉ። ዓም ኢድሪስ ብቻ «ያን ሁሉ ቀይ ቀለም!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ሐጃም ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሣቁ አሸነፋቸው፤ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

«ገለባ ጠቀጠቅህ፣ ፍራሽ አስቆረጥህ፣ አናጺ አስቸገርህ። ውሻው የት መተኛት እንደሚወድ ግን አንድ ቀን አየህ? እርጥብ አፈር ነው የሚፈልገው! ለዚያ ደግሞ የግድ የኔ ዚር አያስፈልገውም።»

ይህን ብለው አፉ የተሸረፈ አሮጌ ዚር ከጓዳ አስወጡና ከራሳቸው ዚር ርቆ፣ በሩ አጠገብ እንዲቆም አደረጉ። ውሃ ሞላንበት። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ሸጋው ተነሥቶ መጣ፣ አሸተተ፣ ሦስቴ ዞረ፣ ዘርፈጥ አለ። አምስት ቀን ሙሉ የተንከራተትሁለት አልጋ ጭቃ ኖሯል! ጁምዓ ደረሰ፤ ከቤቱ የወጣ የለም።

«ዓንገረቡስ ምን ይሁን?» አልሁ ፈራ ተባ እያልሁ።

«እሱማ ለልጄ ልጅ ነው» አሉ ሐጃ። «እሱ እውነትም አልተገረዘም።» ስኳሩም ሽቶውም ዓንገረቡን ተከትሎ እሳቸው ቤት ገባ።

ድግሱ ሰኞ ነው። እኔ ስኳር ይዤ እንድመጣ ተነግሮኛል። ሸጋው ግን መኝታው በሩ ላይ ነውና፣ ሐጃ እንግዳ ተቀባይ አድርገውታል።