ለጎሉ አይደለም የተነሳሁት

እኔ ኳስ አልወድም። አንድ ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር አይቼ አላውቅም ነበር። ታዲያ ስለ ኳስ ምን አስወራሽ በሉኛ! ያስወሩኝ አባቴ ናቸው።

አባዬን ስፖንሰር አድርጌ ቶሮንቶ ያመጣኋቸው እማዬ ካረፈች በኋላ ነው። ክሬሰንት ታውን ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሥራ ስሄድ አባዬ መስኮቱ ጋ ናቸው፤ ስመለስም መስኮቱ ጋ ናቸው። ሊፍት ውስጥ ኮፍያቸውን አንስተው "እንደምን አደራችሁ" ይላሉ፣ ሰዉ ስልኩን ያያል፣ እሳቸው አፍረው ይወጣሉ። በረዶው ሳይቀልጥ "ልጄ፣ አገሬ መልሺኝ" ማለት ጀመሩ። ባዶ ቤት ልኬያቸው እኔ እዚህ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ያዳኑኝ ሐጂ ማህሙድ ናቸው። ፊት ለፊታችን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ግብፃዊ ሽማግሌ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የአባዬን ሰላምታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱ። በሳምንቱ ፉል ብሉልኝ፣ ኳስም አብረን እንይ ብለው ጠሯቸው። ሁለቱም እንግሊዝኛቸው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን ይግባባሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደስታዬ የቆየው አባዬ ከግብዣው እስኪመለሱ ነው።

"የማን ደጋፊ ቢሆኑ ጥሩ ነው?" አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። "የዚያ ቡድን!"

የቡድኑን ስም አልጠራም፤ አባዬ ቤት ውስጥ እንዲጠራ አይፈልጉም። ካይሮ ያለው፣ ቀይ የሚለብሰው፣ ለዋንጫ መደርደሪያ ያጣው ካልኳችሁ ይበቃችኋል። አባዬ በጎልማሳነታቸው ካምቦሎጆ ስታዲየም ገብተው፣ ዝናብ ሲወርድባቸው ውለው፣ የኛው ቡድን አቻ ሊወጣ ነው ሲሉ ቀዮቹ በመጨረሻዋ ደቂቃ አገቡ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያ ቡድን ከማንም ጋር ይጫወት፣ አባዬ የዚያ የማንም ደጋፊ ናቸው። "መምራት ሲጀምሩ ቁርጭምጭሚታቸውን ያማቸዋል፣ ሣሩ ላይ ይተኛሉ" ይላሉ። ቂም ማለት እንዲህ ነው።

"ታዲያ ለሐጂ ለምን አይነግሯቸውም?" ብላቸው፣ "አበድሽ እንዴ? የሰው ፉል እየበላሁ?" አሉኝ። አያችሁ ይሉኝታን! ጨዋታ በመጣ ቁጥር ይሄዳሉ፣ ፉሉን ይበላሉ፣ በሆዳቸው ያሟርታሉ። ቀዮቹ ደግሞ ያሸንፋሉ።

አንድ ቀን ኦፍ ስለነበርኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ቀዮቹ አገቡ። ሐጂ ከሶፋው ተስፈንጥረው ተነሱ። አባዬም ብድግ! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቤት ስንገባ "አባዬ፣ ምን ነካዎት? ተነሱ እኮ!" አልኳቸው።

"ታላቄ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? አሳዳጊ የበደለኝ አረግሽኝ? ለጎሉ አይደለም የተነሳሁት፤ ለሽበቱ ነው።"

እኛ ይገባናል። ለሐጂ ማን ያስረዳቸው? እሳቸው የሚያዩት በየጎሉ ብድግ የሚል ጎረቤት ነው። ጭራሽ "አባትሽ በረካ ናቸው፤ እሳቸው ካሉ አንሸነፍም" ብለው ስልክ ይደውሉልኝ ጀመር። ሥራ ቦታ ሳይቀር! እውነቱ የወጣ ቀን ጉዳችን ነው ብዬ እፈራ ነበር። "መልሺኝ" የሚለውን ነገር ከሰማሁ ቆይቼ ነበራ።

ቀዮቹ ለፍጻሜ ደረሱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት የከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል፣ ክርስትና ተጠርተን አባዬ ከሐጂ ቤት ቀሩ። ማታ በር ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። "አንድ ለባዶ ተሸነፍን" አሉና ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አባዬ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ዜና ነው። እስክስታ ይመታሉ ስል "ይገባቸዋል" ብለው ተቀመጡ። እራት አልበሉም።

"አሁንማ ሚስጥሩ ተገኘ" አልኩ ላስቃቸው ብዬ። "ለመልሱ ጨዋታ እዚሁ ቁጭ ይበሉ። ዋንጫውን ያጣሉ።"

አልሳቁም። "ብሄድ ያሸንፋሉ" አሉ። "ባልሄድ ደግሞ ሐጂ ብቻቸውን ሊሸነፉ ነው።"

የጨዋታው ቀን ኮታቸውን ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የሐጂ ቲቪ በኮሪደሩ ይሰማል። ተጀመረ። አባዬ ንቅንቅ አላሉም። ትንሽ ቆይተው "ፉሉ ይቀዘቅዛል" አሉና ወጡ። ተከተልኳቸው።

ሐጂ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አቅርበው፣ ሁለቱንም ሳይነኩ ተቀምጠዋል።

ከእረፍት በፊት ቀዮቹ አንድ አገቡ። ሐጂ ተነሱ፣ አባዬም እንደ ወጉ ተነሱ። ለዋንጫው አንድ ጎል ይቀራል። ሰዓቱ ሄደ፣ ተጨማሪው ደቂቃ ታየ። ይኼኔ የዚያኛው ቡድን በረኛ ሣሩ ላይ ተኛላችሁ! "ተነስ አንተ! ምን ሆንኩ ብለህ ነው?" ብለው ጮሁ አባዬ፣ በአማርኛ። ሐጂ ማየት አቅቷቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ከቀዮቹ አንዱ በጭንቅላት ገጭቶ አገባ! አባዬ ብድግ! ሹካው ተወረወረ፣ ፉሉ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ሐጂ እጃቸውን ከፊታቸው ሲያነሱ ቲቪውን አላዩም፤ አባዬን ነው ያዩት።

"ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" አሉ በዚያች እንግሊዝኛቸው። "እኛ ስናገባ ለቀብር እንደሚነሳ ሰው ነበር የምትነሳው። ዛሬ ግን ቀደምከኝ።" አቅፈው ሳሟቸው።

ቤት ስንገባ አላስቻለኝም። "አባዬ፣ ሐጂ እኮ ተቀምጠው ነበር። ለማን ነው የተነሱት?"

"እግሬ ደንዝዞኝ ነው" አሉ።

ሁለቱ እጆችዎስ? እነሱም ደንዝዘው ነው ጣራ ሊነኩ የደረሱት? ልላቸው ነበር። ግን ታላቄ ናቸው፤ ዝም አልኩ።